ዕድሜያቸው አንድ፣ አንጎላቸው ለየቅል፦ ከኤዲንብራ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

የ73 ዓመት አዛውንት አንጎል ምን ይመስላል ተብሎ ቢጠየቅ አንድ ምስል አውጥቶ ማሳየት አይቻልም። ይህን በግልጽ ያስተማረን በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ የተካሄደ ጥናት ነው። ከ2007 እስከ 2010 ድረስ ከ700 በላይ የሚሆኑ የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ዕድሜያቸው 73 ገደማ ሳለ የአንጎል ኤም አር አይ ምርመራ ተደረገላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም የተወለዱት በ1936 ነው። ሁሉም በልጅነታቸው በአንድ አገር ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። ምስሎቻቸው ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን የአንዳንዱ አንጎል የራስ ቅሉን ሞልቶ የጎልማሳ አንጎል ይመስላል፤ የሌላው ተኮማትሮ፣ በመካከሉ ያሉት የፈሳሽ ክፍተቶች ሰፍተው፣ ነጩ ክፍል በደማቅ ነጠብጣቦች ተወርሮ ይታያል።

የልደት ዓመታቸው አንድ ከሆነ በመካከላቸው ያለውን ይህን ሁሉ ልዩነት የኖሩት ዓመት ብዛት ሊያብራራው አይችልም። ታዲያ ምን ያብራራዋል? ጉዳዩን በዝርዝር የማነሣው ብዙ ጊዜ «የዕድሜ ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፈውን ነገር በጥንቃቄ ለያይቶ ያየ ሥራ ጥቂት በመሆኑ ነው።

ነጩ ክፍል ምንድን ነው?

የአንጎል ውጫዊ ንጣፍ ግራጫ ነው፤ የነርቭ ሕዋሳት አካል በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል እነዚህን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያገናኙ ረጃጅም የነርቭ ክሮች የተሰበሰቡበት ነው። ነጭ ያደረገው ማየሊን የሚባለው፣ ክሮቹን የሚሸፍን፣ ስብ የበዛበት ንጣፍ ነው። ማየሊን መልእክት በክሩ ላይ ፈጥኖ እንዲጓዝ ያደርጋል። ሲሳሳ ወይም ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል፤ በአንድ ጊዜ መድረስ የነበረባቸው መልእክቶችም ተራርቀው ይደርሳሉ።

የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከሞት በኋላ የተገኙ አንጎሎችን በማይክሮስኮፕ መርምረው በ2003 ባወጡት ሥራ፣ ማየሊን የለበሱት ክሮች ጠቅላላ ርዝመት በ20 ዓመት ወንድ ላይ 176,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ80 ዓመት ወንድ ላይ ደግሞ 97,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ገምተዋል። ይህም ማለት በስድሳ ዓመት ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ከ100,000 በላይ ሰዎች ምስል ያሰባሰበና በ2022 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ የነጩ ክፍል መጠን ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በ29 ዓመት ዕድሜ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ግራጫው ክፍል ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ነጩ ክፍል ዘግይቶ ይበስላል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ይወርዳል።

እነዚህ ሁሉ አማካዮች ናቸው። የተገኙትም የተለያዩ ሰዎችን በተለያየ ዕድሜ በማነጻጸር ነው። በ1920ዎቹ የተወለደ ሰው ከ1980ዎቹ ተወላጅ የሚለየው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በልጅነት ምግቡ፣ በትምህርቱ፣ በሲጋራውና ባገኘው ሕክምናም ይለያል። ከዚህም የሚከብድ ችግር አለ። የአንድ አዛውንት ነጭ ክፍል ደካማ ሆኖ ሲገኝ፣ ድሮም እንዲያ ነበረ ወይስ በእርጅና ተለወጠ? አንድ ጊዜ የተነሣ ምስል ይህን ሊመልስ አይችልም። ለመመለስ ሰውየው ገና ሳያረጅ የተለካበት ነገር ያስፈልጋል፤ ከስድሳ ዓመት በፊት የተቀመጠ ልኬት ደግሞ ከየት ይገኛል?

የ1947ቱ ፈተና

ስኮትላንድ ውስጥ ተገኘ። ጁን 4 ቀን 1947 በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የነበሩ የ1936 ተወላጆች ከሞላ ጎደል በሙሉ ተቀምጠው አንድ ዓይነት የማሰብ ችሎታ ፈተና ወሰዱ። ቁጥራቸው 70,805 ነበር። ፈተናው በኤዲንብራ በፕሮፌሰር ጎድፍሬይ ቶምሰን መሪነት ከተዘጋጁት የሞሪ ሐውስ ፈተናዎች ቁጥር 12 ሲሆን የተሰጠው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በ1932፣ በ1921 የተወለዱ 87,498 ልጆች ተመሳሳይ ፈተና ወስደው ነበር።

የፈተናው ዓላማ ከእርጅና ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በዘመኑ አንድ ስጋት ነበረ፤ ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች ዝቅ ያለ ውጤት ስለሚያመጡ የሕዝቡ አማካይ ችሎታ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየወረደ ይሄዳል ይባል ነበር። ያንን ለማጣራት ነው ልጆቹ የተፈተኑት። የ1947ቱ አማካይ ውጤት ከ1932ቱ በትንሹ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ስጋቱ መሠረት አጣ።

ከዚያ በኋላ መዝገቦቹ ለአሥርት ዓመታት የሚነካቸው ጠፋ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሎረንስ ዌሊና ኢያን ዲሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኤዲንብራ፣ በስኮትላንድ የትምህርት ምርምር ምክር ቤት ዘንድ ተቀምጠው አገኟቸው። ሁለቱ ሰዎች በእጃቸው የገባውን ነገር ዋጋ ወዲያው ተረድተውታል። የልጆቹ ስም ተጽፏል፤ ውጤታቸው ተጽፏል፤ ብዙዎቹም በሕይወት ነበሩ።

ከ2004 እስከ 2007 በኤዲንብራና በዙሪያዋ ባለው የሎዚያን አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት የ1936 ተወላጆች መካከል 1,091 ሰዎች፣ ማለትም 548 ወንዶችና 543 ሴቶች፣ በጥናቱ ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው 70 ገደማ ነበር። በ11 ዓመታቸው የወሰዱትን ፈተና በዚያው መመሪያና በዚያው 45 ደቂቃ ደግመው ወሰዱ። በ70 ዓመት ዕድሜ በመካከላቸው ከታየው የውጤት ልዩነት ግማሽ ያህሉ በልጅነታቸው ከነበረው ልዩነት ጋር የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ግማሽ ግን በመካከሉ ባሉት ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ የመጣ ለውጥና የልኬት ስሕተት ነው። የጥናቱ ትኩረት በዚህ ግማሽ ላይ ሆነ።

ሰዎቹ በየሦስት ዓመቱ ገደማ እየተጠሩ ይመለሱ ነበር። በ73 ዓመታቸው 866፣ በ76 ዓመታቸው 697፣ በ79 ዓመታቸው 550፣ በ82 ዓመታቸው 431 ሰዎች ተመልሰዋል። የአንጎል ምስል መነሣት የተጀመረው በሁለተኛው ዙር፣ በ73 ዓመታቸው ነው። በእንግሊዝ የአረጋውያን በጎ አድራጎት ድርጅት ኤጅ ዩኬ ድጋፍ የተካሄደው ይህ ሥራ «የተቆራረጠ አእምሮ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። የስሙ ምንጭ መላምቱ ነው፦ በእርጅና ማሰብ የሚዘገየው የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ስለሚላላ ይሆናል።

ውሃ እንደ ምስክር

ተራ ኤም አር አይ ነጩን ክፍል አንድ ወጥ አድርጎ ያሳየዋል። ክሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ደህና ይሁኑ ይጎዱ፣ ከእርሱ መለየት ይከብዳል። ለዚህ የሚያገለግለው በ1980ዎቹ የተጀመረው የውሃ እንቅስቃሴ ምርመራ ነው። በአንጎል ውስጥ ያለ የውሃ ቅንጣት ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። በነርቭ ክሮች መካከልና ውስጥ ከሆነ ግን፣ በጠባብ ቦይ ውስጥ እንዳለ ውሃ፣ በቁመት ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን መሄድ ይቸገራል። መሣሪያው ይህን እንቅስቃሴ በብዙ አቅጣጫዎች ይለካዋል። በኤዲንብራ 64 አቅጣጫዎች ተለክተዋል፤ መሣሪያው 1.5 ቴስላ የማግኔት ጉልበት ያለው፣ በዌስተርን ጄኔራል ሆስፒታል የሚገኝ ነው። በተከታዮቹ ዙሮችም ያው መሣሪያ እንዲያገለግል ተደርጓል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን፤ መሣሪያ ሲቀየር ቁጥሮቹም ስለሚቀየሩ፣ የማሽኑ ለውጥ የሰው እርጅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

በ1994 ፒተር ባሰር፣ ጄምስ ማቲየሎና ዴኒ ለ ቢሃን ከእነዚህ ልኬቶች የእንቅስቃሴውን ቅርጽ የሚያወጣ የሒሳብ ዘዴ አቀረቡ። ከዚያ የሚገኙ ሁለት ቁጥሮች በብዛት ይሠራባቸዋል። አንደኛው ውሃው ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላ እንደሆነ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ይናገራል፤ በዚህ ጽሑፍ የአቅጣጫ ልኬት እንበለው። ሁለተኛው ውሃው በጠቅላላ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። ዕድሜ ሲገፋ በአማካይ የመጀመሪያው ይወርዳል፣ ሁለተኛው ይወጣል፤ ግድግዳዎቹ ስለሚሳሱ ውሃው ወደ ጎንም መሄድ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲጠነቀቅ እፈልጋለሁ። የአቅጣጫ ልኬት ዝቅ ብሎ ሲገኝ ብዙ ጽሑፎች በቀጥታ «ነጩ ክፍል ተጎድቷል» ይላሉ። ሁለት ጤነኛ የክር ጥቅሎች በሚተላለፉበት ቦታም ውሃው በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ ልኬቱ ዝቅ ይላል። በፈሳሽ ክፍተቶች ዳር ያለ ቦታ ፈሳሹ ስለሚቀላቀልበት ዝቅ ይላል። ተመርማሪው ጭንቅላቱን ካንቀሳቀሰም ቁጥሩ ይዛባል፤ አዛውንት ደግሞ ጋደም ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ይከብደዋል። ቁጥሩ የሚለካው ውሃን ነው። ስለ ማየሊንና ስለ ክር የምንናገረው ከውሃው ተነሥተን በግምት ነው።

ምን ተገኘ?

የመጀመሪያው ግኝት በ2010 ላርስ ፔንከና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ነው። በ132 ተሳታፊዎች ላይ ስምንት ዋና ዋና የክር መስመሮችን ለክተው ነበር። አንዱ መስመር ጥሩ የሆነለት ሰው ሌሎቹም ጥሩ የመሆን ዝንባሌ ነበራቸው፤ በስምንቱ መስመሮች ላይ ከታየው የሰው ለሰው ልዩነት 45 በመቶ ያህሉ በአንድ የጋራ ነገር ይጠቃለል ነበር። ይህ የጋራ ነገር ደግሞ ሰዎቹ መረጃን ከሚያስተናግዱበት ፍጥነት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በ2012 በ420 ሰዎች ላይ የወጣው ተከታይ ሥራ እንዳሳየው የነጩ ክፍል ሁኔታ በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ ላይ ካለው ልዩነት 10 በመቶ ያህሉን ያብራራል፤ ይህም የሚሆነው በፍጥነት በኩል ነው። 10 በመቶ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። በአንድ ጊዜ ምስል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ሰው ማሰብ ይህን ያህል መናገር መቻል ለእኔ ብዙ ነው፤ ነገር ግን 90 በመቶው ሌላ ቦታ እንዳለ የሚዘነጋ ሰው የአንድን አዛውንት ምስል ይዞ ስለ አእምሮው መፍረድ የለበትም።

ቀጥሎ የልጅነት መዝገቡ ሥራውን ሠራ። ከዚህ ቡድን ቀደም ብሎ በ1921 ተወላጆች ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በ83 ዓመት ገደማ የተለካው የነጩ ክፍል የአቅጣጫ ልኬት በ11 ዓመት ዕድሜ ከተወሰደው ፈተና ጋር ሳይቀር ተያይዞ ተገኝቶ ነበር። በ1936 ተወላጆች ላይ ደግሞ ሸሪፍ ካራማና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባወጡት ሥራ ግራጫው ንጣፍ ታየ። በ73 ዓመት የንጣፉ ውፍረትና በ70 ዓመት የፈተና ውጤት መካከል ካለው ዝምድና ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው የልጅነት ውጤት ወደ ስሌቱ ሲገባ የሚጠፋ ነበር። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ተመራማሪዎቹ «ንጣፉ የሳሳበት ሰው አእምሮው ደከመ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ስሕተት መሆኑን የሚነግራቸውም አይኖርም ነበር። አብዛኛው ልዩነት ሰዎቹ አጭር ሱሪ ለብሰው ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ጊዜ የነበረ ነው።

ይህ ማለት ግን እርጅና የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት አይደለም። ለውጡን ለማየት ያው ሰው ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት። ስቱዋርት ሪቺና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያወጡት ሥራ በ73 ዓመት 731፣ በ76 ዓመት 488 ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት የነጩ ክፍል የአቅጣጫ ልኬታቸው ይበልጥ የወረደባቸው ሰዎች አዲስ ችግር የመፍታት ችሎታቸውም ይበልጥ ወርዶ ተገኘ፤ ሁለቱ ለውጦች አብረው ይሄዱ ነበር። ከፍጥነትና ከማስታወስ ችሎታ ለውጥ ጋር ግን እንዲህ ያለ ትስስር አልታየም። ፍጥነትን በተመለከተ የተገኘው ሌላ ነው፤ በ73 ዓመት ጥሩ ነጭ ክፍል ይዘው የጀመሩ ሰዎች ፍጥነታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ሳይንቲስት ከ2010ሩ ውጤት ተነሥቶ የሚጠብቀው ፍጥነት ከነጩ ክፍል ጋር እኩል ሲወርድ ማየት ነበር። ውጤቱ እንደተጠበቀው ሳይሆን ቀርቶ እንዳለ መታተሙ ለሥራው ያለኝን ክብር ይጨምረዋል።

ደማቆቹ ነጠብጣቦች

በተራ ኤም አር አይ ላይ በአዛውንቶች ነጭ ክፍል ውስጥ ደማቅ ሆነው የሚታዩ ነጠብጣቦች አሉ። በ1987 ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ፋዜካስና ባልደረቦቻቸው ባወጡት መለኪያ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ የፈሳሽ ክፍተቶቹን ተከትለው ያሉትና ጥልቀት ላይ ያሉት ለየብቻ ይቆጠራሉ። ብዙ ጊዜ ከትንንሽ የደም ሥሮች በሽታ ጋር ይያያዛሉ፤ የስትሮክና የመርሳት በሽታ አደጋንም ይጨምራሉ። በኤዲንብራው ቡድን ነጠብጣብ የበዛባቸው ሰዎች የልጅነት ውጤታቸው ከተቆጠረም በኋላ በአዛውንትነታቸው ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ያለው የዕድሜ ልክ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ የተበላሸ ነገር አለ።

ታዲያ የሚያመጣቸው ምንድን ነው? ሐኪሙም ታማሚውም የሚሰጡት መልስ የደም ግፊት፣ ሲጋራና ስኳር በሽታ የሚል ነው። ጆአና ዋርድሎና ባልደረቦቻቸው በ2014 ይህን ሲፈትሹ፣ የታወቁት የደም ሥር አደጋ መንስኤዎችና የትልልቅ የደም ሥሮች መጥበብ ሁሉ ተደምረው በዚህ ቡድን ላይ ካለው የነጠብጣብ ብዛት ልዩነት ያብራሩት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የብዙ ሰው እምነት ያናውጣል።

ከዚህ ተነሥቶ «ግፊት ማከም አይጠቅምም» ብሎ መደምደም ግን አደገኛ ስሕተት ነው። በአሜሪካ የተካሄደውና በ2019 የወጣው የስፕሪንት ማይንድ ሙከራ የላይኛውን የደም ግፊት ከ120 በታች ለማድረግ የታከሙትን ከ140 በታች ለማድረግ ከታከሙት ጋር አነጻጽሯል። በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ የነጠብጣቦቹ መጠን በጥብቅ በታከሙት ላይ በ0.92፣ በሌሎቹ ላይ በ1.45 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው፤ በዕጣ በተመደቡ ሰዎች መካከል ስለታየ መንስኤውን ይናገራል። ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም። የኤዲንብራው ጥናት ሰዎች ለምን እርስ በርስ እንደተለያዩ ይጠይቃል፤ የአሜሪካው ሙከራ አንድ ነገር ቢለወጥ ምን እንደሚከተል ይጠይቃል። ከዋርድሎ ቡድን የመጣ ሌላ ሥራ ደግሞ ቀላል ስትሮክ ባጋጠማቸው ሰዎች ላይ ነጠብጣቦቹ በአንዳንዶቹ በዓመት ውስጥ ሲቀንሱ አሳይቷል፤ ሁሉም የማይመለስ ጠባሳ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አላን ጋውና ባልደረቦቻቸው በ2012 ስለ እንቅስቃሴ ያወጡት በሰፊው ተነግሯል። በ638 ሰዎች ላይ በ70 ዓመታቸው ይበልጥ አካላዊ እንቅስቃሴ እናደርጋለን ያሉት በ73 ዓመታቸው የተሻለ ነጭ ክፍልና ያነሰ ነጠብጣብ ነበራቸው። እንቅስቃሴው አንጎላቸውን ጠብቆ ነው ወይስ አንጎላቸው ደህና ስለነበረ ነው የተንቀሳቀሱት? ጥናቱ ይህን በእርግጠኝነት አይለይም፤ ጸሐፊዎቹም አልለየንም ብለዋል። ዜናው ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የጥናቱ ወሰን

በፈቃዳቸው ተመዝግበው በየሦስት ዓመቱ የሚመለሱ ሰዎች ከእኩዮቻቸው የተሻለ ጤናና ትምህርት ያላቸው ናቸው። ከ1,091 ወደ 431 በወረደው ቁጥር ውስጥ የሞቱና የደከሙ አሉ፤ ስለዚህ የሚታየው ለውጥ ከእውነተኛው የለዘበ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በአንድ ዓመት መወለዳቸው የጥናቱ ጥንካሬ ቢሆንም ስለ መካከለኛው ዕድሜ ምንም እንዳይናገር አድርጎታል። ይህን ክፍተት ሳይመን ኮክስና ባልደረቦቻቸው በ2016 ዩኬ ባዮባንክ በተባለው ትልቅ የብሪታንያ የጤና ጥናት ውስጥ ባሉ 3,513 ሰዎች ላይ ሞሉት፤ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 77 ገደማ ነበር። በአንጎል መካከል ካለው ታላመስ ከሚባለው ክፍል የሚነሡ መስመሮችና የአንጎል ንጣፍ ክፍሎችን የሚያገናኙ ረጃጅም መስመሮች በዕድሜ ይበልጥ የሚነኩ ሆነው ተገኙ። የስሜት ሕዋሳትንና እንቅስቃሴን የሚያገለግሉት ቀድመው የሚበስሉ መስመሮች ለውጣቸው ያነሰ ነበር።

ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ስኮትላንዳውያን ናቸው። አንድ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ አዛውንት ኤም አር አይ ተነሥቶ ውጤቱ ላይ «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ ለውጥ» የሚል ቢያነብ፣ ቃሉ በማን ዕድሜ እንደተለካ ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው። የኤዲንብራ አማካዮች በሌላ ኑሮ፣ በሌላ ምግብና በሌላ የሕመም ታሪክ ላደገ ሰው በቀጥታ ሊዛወሩ አይገባም።

ከተሳታፊዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ለምርምር እንዲውል በፈቃዳቸው ፈርመዋል። የልጅነት ፈተናቸው አለ፤ በየሦስት ዓመቱ የተነሣው ምስላቸው አለ፤ ሕብረ ሕዋሱ ሲጨመርበት ከአቅጣጫ ልኬቱ በስተጀርባ ያለው የማየሊን መሳሳት ይሁን የክር መጥፋት፣ ከደማቆቹ ነጠብጣቦች ሥር ያለው ምን እንደሆነም በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ይህ ሥራ በኤዲንብራ ቀጥሏል።